እንቅልፍ ለነሳ ሕመም፦ የራስጌ መጽሐፍና ሥዕል አዘገጃጀት

አልማዝ ባለጭራ ግራ ጎኔን ይዞኝ አምስት ሳምንት ያህል ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አንግቻለሁ። ሕመሙን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የሸሚዝ ጨርቅ ሲነካው እንኳ ቆዳው ላይ ፍም የተደፋ ይመስላል። በግራ መተኛት አይታሰብም፤ በቀኝ ሲተኙ ደግሞ ብርድ ልብሱ ግራውን ይነካል። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶች ጣራ ጣራ ሳይ አደርኩ። በአራተኛው ከመደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አነሳሁ፤ ወፍራም፣ ባለ ካርቶን ሽፋን። ተንጋልዬ ሁለት ገጽ ሳልጨርስ ክንዴ ዛለና መጽሐፉ ከነሽፋኑ ጎኔ ላይ ወደቀ። ታላቅ እህቴ ከሌላ ክፍል ሮጣ መጣች።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሥርዓት ያዝኩት። እዚህ የማሰፍረው ያኔ እየወደቅኩ እየተነሳሁ የደረስኩበትን አሠራር ነው። ሁለት ነገር ግን ቀድሜ ልበል። አንደኛ፣ የሌሊት መጽሐፍ የሚመረጠው በቀን ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለ ሕመምተኛ መጽሐፍ ለመምረጥ ቀርቶ ትራሱን ለመገልበጥም አቅም የለውም። ሁለተኛ፣ ለመተኛት ብላችሁ አታንብቡ። እንቅልፍ ለማምጣት የተከፈተ መጽሐፍ ፈተና ይሆናል፤ በየገጹ «መጣ? አልመጣም?» እያሉ ራስን መሰለል ነው። መጽሐፉ የሚከፈተው ሌሊቱን ብቻችሁን እንዳታድሩ ነው። እንቅልፍ ከመጣ ምርቃት ነው።

መጀመሪያ፦ መጽሐፍ የማይችለውን ለዩ

ይህን ክፍል ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ እናንተ ግን አትዝለሉት። ጋደም ሲሉ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ፣ ደረት ላይ የሚጫን ሕመም ካለ፣ ትኩሳቱ መቀባዠር ካመጣ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ መጽሐፍ አይከፈትም፤ ሰው ይቀሰቀሳል፣ ሐኪም ይጠራል። እንደኔ ዓይነት ሽፍታ የወጣበት ሰውም «ይለቀኝ ይሆናል» ብሎ አይጠብቅ፤ ለአልማዝ ባለጭራ የሚሰጠው ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ይበልጥ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።

መድኃኒቶቻችሁንም ፈትሹ። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ ስቴሮይዶች እንቅልፍ ይነሳሉ። ያዘዘላችሁን ሐኪም «ጠዋት ጠዋት ብወስደውስ?» ብላችሁ ብትጠይቁት አንዳንዴ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በገዛ ፈቃዳችሁ ግን ሰዓት አትቀይሩ። ማስታገሻው ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚለቃችሁ ጽፋችሁ ይዛችሁለት ሂዱ፤ «ሌሊት ያመኛል» ከማለት «ስምንት ሰዓት ላይ ይመለስብኛል» ማለት ለሐኪም ብዙ ይነግረዋል። ሕመሙ ለቆ እንቅልፍ ማጣቱ ብቻ ከሰነበተ፣ ማለትም በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ ሦስት ወር ከዘለቀ፣ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። ሲቢቲ-አይ ይሉታል፤ ክኒን ሳይሆን የአስተኛኘት ልማድንና ስለ እንቅልፍ ያለንን ሐሳብ የሚያስተካክል ነው።

ሁለተኛ፦ ራስጌውን በቀን አሰናዱ

አብዛኛው ሰው ሲታመም በቀን ውስጥ አንድ ሁለት ሰዓት ፋታ አለው። ያን ሰዓት ያዙት። አንድ ትንሽ ሣጥን ወይም ቅርጫት ፈልጉና ጎናችሁን ሳትጠመዝዙ እጃችሁ በሚደርስበት በኩል አስቀምጡት። በስተቀኝ የሚያማችሁ ከሆነ በስተግራ። ተራ ነገር ይመስላል፤ ሌሊት ዕቃ ፍለጋ መጠምዘዝ ግን የሠላሳ ደቂቃ ሕመም ያስከፍላል።

ሣጥኑ ውስጥ ሁለት መጽሐፍ ብቻ ይግባ። ሦስተኛ አትጨምሩ፤ አሥር መጽሐፍ የከበበው ሕመምተኛ አሥሩንም ገልጦ አንዱንም አያነብም። አንደኛው ከዚህ በፊት አንብባችሁ የወደዳችሁት ይሁን። ሁለተኛው ቁርጥራጭ ነገር ያለበት ይሁን፦ ግጥም፣ አጫጭር ልብ ወለድ፣ የደብዳቤ ስብስብ፣ የጉዞ ማስታወሻ። ከዚያ የፖስታ ካርድ ወይም የድሮ ቀን መቁጠሪያ ላይ የተቆረጡ ሦስት ሥዕሎች። ትንሽ ደብተር። እርሳስ፤ እስክሪብቶ አይደለም። ተንጋሎ ሲጻፍ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ኋላ ይሸሽና ሦስት ቃል ሳይጻፍ ይደርቃል፤ እርሳስ ግን ጣራ ላይም ይጽፋል።

መጽሐፉን ሣጥኑ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት መዝኑት። ሚዛን አያስፈልግም። ጋደም ብላችሁ በአንድ እጅ ፊታችሁ ላይ አንሡትና እስከ ስልሳ ቁጠሩ። ስልሳ ሳይሞላ ክንዳችሁ ከተንቀጠቀጠ ያ የቀን መጽሐፍ ነው፤ ወደ መደርደሪያው ይመለስ። (እኔ ይህን የተማርኩት በጎኔ ነው።) ከወፍራሙ ሌላ አላነብም ካላችሁ ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ጭናችሁ ላይ ትራስ አድርጉና መጽሐፉን እሱ ይሸከመው።

መብራቱ ከትከሻ በስተኋላ መጥቶ ገጹ ላይ ይረፍ፤ አምፖሉ ራሱ ለዓይን አይታይ። ነጩን አምፖል ትታችሁ ቢጫውን፣ ደማቁን ትታችሁ ደብዛዛውን ምረጡ። ዓይን ውስጥ «ቀን ነው» ብለው ለአንጎል የሚናገሩ ሕዋሳት አሉ፤ ይበልጥ የሚቀሰቅሳቸው ሰማያዊ ብርሃን ነው። ስልክና ታብሌት በዚህ ይታማሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ በታተመ ጥናት 12 ሰዎች ከመተኛታቸው በፊት ለአራት ሰዓት ያህል አንድ ሰሞን ብርሃን ከሚያመነጭ ስክሪን፣ ሌላ ሰሞን ከወረቀት መጽሐፍ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር። በስክሪን ሲያነቡ እንቅልፍ የወሰዳቸው በአማካይ አሥር ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ አሥር ደቂቃ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ስልኩ ላይ ከመጽሐፉ ጎን የተቀመጠው ሌላው ነገር ሁሉ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የበሽታን ስም ጽፎ መፈለግ የጀመረ ሰው እስኪነጋ ሦስት ዓይነት ካንሰር ይዞት ያድራል። ስለዚህ መጽሐፋችሁ ስልክ ላይ ከሆነ ኢንተርኔቱን አጥፉ፣ ገጹን ጥቁር አድርጋችሁ ፊደሉን አተልቁ፣ ኖቲፊኬሽኑን ዝጉ። ከዚያ ወዲያ ስልክ መጥፎ መጽሐፍ አይደለም፤ እንዲያውም ቀላል ነው።

የግድግዳ ሰዓት ካለ ፊቱን አዙሩት። ይህን ዛሬውኑ አድርጉ።

ሦስተኛ፦ መጽሐፉን እንደ ሕመሙ ዓይነት ምረጡ

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1926 ስለ መታመም በጻፈችው ድርሰት ላይ፣ የታመመ ሰው ረጅሙን ዝርው ጽሑፍ ተሸክሞ ለመዝለቅ ጉልበት ስለሌለው ወደ ገጣሚዎች እንደሚዞር ትናገራለች። እኔም ያገኘሁት ይህንኑ ነው፤ ሆኖም ሕመም ሁሉ አንድ አይደለም።

ትኩሳት ላይ ላለ ሰው ታሪክ ያለው መጽሐፍ አይሆንም። የገጸ ባሕርያቱ ስም ይቀላቀላል፤ ሞቷል ያላችሁት ሰው ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲያወራ ታገኙታላችሁ። ለትኩሳት አንድ ስንኝ ይበቃል። ስንኟን አንብቡ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ መልሳችሁ በሆዳችሁ በሉት። ትርጉሙ ባይገባችሁ ግድ የለም፤ ቤት መምታቱ ብቻውን እንደ እሹሩሩ ነው።

የሚጠዘጥዝ ሥቃይ ላይ ላለ ሰው ግን ነገሩ ተቃራኒው ነው። ሥቃይ ሐሳብን ጨምድዶ ይይዛል፤ ስለዚህ መጽሐፉም መልሶ የሚይዝ እጅ ሊኖረው ይገባል። ለዚህ የሚሆነው ዝርዝር የበዛበት ጽሑፍ ነው። መርከብ እንዴት እንደሚሠራ፣ ንብ ቀፎዋን እንዴት እንደምታደራጅ፣ አንድ ሰው ተራራ ሲወጣ በየቀኑ ምን እንዳየ። አልማዝ ባለጭራው በጣም በጠናብኝ ሰሞን ያነበብኩት ስለ ድልድይ አሠራር የተጻፈ ስስ መጽሐፍ ነበር። ድልድይ ለሕይወቴ ምንም አያደርግልኝም፤ ግን ገመዱ የት እንደሚታሰርና ክብደቱ ወደየት እንደሚሄድ ለመረዳት ስሞክር ጎኔን ለአራት ደቂቃ፣ አንዳንዴም ለአምስት እረሳዋለሁ። አምስት ደቂቃ በዚያ ሌሊት ሀብት ነው።

ለፍርሃት፣ ማለትም «ምን ሊሆን ነው?» እያለ ሆድን ለሚበላው ሐሳብ፣ ያ አንብባችሁ የወደዳችሁት መጽሐፍ ነው የሚበጀው። መጨረሻውን ታውቁታላችሁ፤ ልብ አንጠልጣይ አይደለም። ከመሃል ብትጀምሩት አይቀየምም፣ ሁለት ገጽ ብትዘሉት አይጠፋባችሁም። ፍርሃት የሚመጣው ካልታወቀ ነገር ነው፤ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያልታወቀ የለም። በልጅነት የተነበበ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ይሻላል። አዋቂ ሰው የልጆች መጽሐፍ ይዞ ቢያድር ማንም አያየውም።

ከሣጥኑ ውጭ የሚቀሩትንም ልንገራችሁ። ስለራሳችሁ በሽታ የተጻፈ መጽሐፍ ለቀን ነው። የግድያ ምርመራ ታሪክ ደግሞ ሁለት ጉዳት አለው፤ ገዳዩ እስኪታወቅ አያስተኛም፣ ከታወቀ በኋላ በትኩሳት ሕልም ውስጥ ይመጣል። «ፈገግ በሉ፣ መልካም አስቡ» የሚሉትን መጻሕፍት በተመለከተ የምለው በግሌ ነው፤ ጎኔ እየነደደ ፈገግ በይ ያለኝን መጽሐፍ ግድግዳ ላይ ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ሐዘን ያለበትን መጽሐፍ ግን አትፍሩት። ያዘነ ሰው የጻፈው ነገር ለታመመ ሰው ብዙ ጊዜ ከቀልድ ይሻለዋል፤ ማልቀስ ከመጣ ይምጣ። የምትጸልዩበት መጽሐፍ ካለ ደግሞ ከሁለቱ ቁጥር ውስጥ አታስገቡት፤ የእሱ ቦታ ሌላ ነው።

አራተኛ፦ አነባበቡ

እንቅልፍ ሳይመጣ ሃያ ደቂቃ ያህል አለፈ ብላችሁ ስትገምቱ (ሰዓት አታዩም፣ አዙራችሁታል) ከመገላበጥ ተነሡ። የእንቅልፍ ሕክምና ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚመክሩት ከአልጋ ወርዶ ሌላ ቦታ መቀመጥን ነው፤ አልጋና መገላበጥ በአእምሮ ውስጥ እንዳይጣመሩ። መነሣት የምትችሉ ወንበር ላይ ሁኑ። ከአልጋ መውረድ የማይሆንለት ሕመምተኛ ደግሞ ትራሱን ደርቦ ቀና ይበል። ቀና ማለት የንባብ፣ ዝቅ ማለት የእንቅልፍ እንዲሆን አድርጋችሁ ለዩአቸው። ሰውነት ይህን ቶሎ ይለምዳል።

ከዚያ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ከንፈራችሁን እያንቀሳቀሳችሁ፣ በሹክሹክታ ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ በሹክሹክታ የሚያነብ ሰው ትንፋሹን ሳያውቀው ያስረዝመዋል። ጣታችሁን ከመስመሩ ሥር አድርጉ፤ የደከመ ዓይን መስመር ይስታልና። አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ካነበባችሁት አትታገሉ። ዕልባቱን አድርጉ፣ መብራቱን አጥፉ፣ ያነበባችሁትን የመጨረሻ ነገር በጨለማው ውስጥ ሣሉት። ሰውየው በር ላይ ቆሞ ነበር? በሩ ምን ይመስል ነበር? መያዣው ብረት ነው እንጨት? ብዙውን ጊዜ በሩን ሳትጨርሱት ሰመመን ይመጣል። ካልመጣ መብራቱን አብርታችሁ ከአንድ ገጽ በፊት ጀምሩ።

ምዕራፍ ልጨርስ አትበሉ። ሌሊት ምዕራፍ የለም።

አምስተኛ፦ አንድ ሥዕል ለሦስት ሌሊት

ዓይን ፊደል መልቀም ሲያቅተው ቀለም ማየት አያቅተውም። ስለዚህ በጣም የደከማችሁ ሌሊት መጽሐፉን ትታችሁ ወደ ሥዕሉ ሂዱ። ሮጀር ኡልሪክ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1984 የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ 46 ሕመምተኞችን መዝገብ አነጻጽሮ ነበር። ግማሾቹ በመስኮታቸው ዛፍ ያያሉ፤ ግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። ዛፍ ያዩት ቶሎ ከሆስፒታል ወጡ፤ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። እርግጥ ያ መስኮት እንጂ ሥዕል አይደለም። ሌሊት ግን መስኮት ጥቁር ነው፤ የሚያሳየው የራስን የገረጣ ፊት ነው። በሱ ፈንታ ነው ካርዱን የምናቆመው።

ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሥዕል ምረጡ፦ መንገድ፣ ውሃ፣ መስኮት ያለው ክፍል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ሥራ የያዘ ሰው። አፍጥጦ የሚያይ የሰው ፊት ይቅርባችሁ፤ በትኩሳት ጊዜ ዓይኑ ይከተላል። ካርዱን ከውሃ ብርጭቆው ጋር አስደግፉትና አንድ ሥዕል ሦስት ሌሊት ይቆይ።

እኔ የያዝኩት የቫን ጎግን «ከዋክብታማው ሌሊት» ነበር። የታወቀ ሥዕል ነው፤ ከመታወቁ የተነሣ ማንም ደህና አድርጎ አያየውም። በመጀመሪያው ሌሊት ምንም አታድርጉ። ዓይናችሁ መጀመሪያ የት እንደሚሄድ ብቻ ተከታተሉ። የእኔ ሰማዩ መሃል ወዳለው ሽክርክሪት ሄደና እዚያው ተያዘ፤ ያዞረኝ ጀመር፤ ተውኩት።

በሁለተኛው ሌሊት በወረቀት ግማሹን ሸፍኑ። ሰማዩን ስሸፍነው ሌላ ሥዕል ሆነ። ታች ዝም ያለ መንደር አለ፤ ጣራዎቹ ደቀቅ ደቀቅ ያሉ፣ በስተግራ እንደ ጥቁር ነበልባል ወደ ላይ የሚወጣ ዛፍ። ቤቶቹ ላይ ደግሞ ጥፍር የማታህል ቢጫ ነጠብጣብ፣ እዚህም እዚያም። መስኮቶች ናቸው። መብራት አላቸው። በዚያ ሰዓት ሌላም ያልተኛ ሰው አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩን ከፍቼ አላየሁም፤ ያን ሌሊት ከመስኮት ወደ መስኮት ስሄድ ቆየሁ።

በሦስተኛው ሌሊት «ሠዓሊው ምን ተወ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ስለ ሥዕሉ ትንሽ በቀን ማንበብ ያስፈልጋል። ቫን ጎግ ይህን የሠራው እ.ኤ.አ. በጁን 1889 በደቡብ ፈረንሳይ ሳን ሬሚ በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ውስጥ ሳለ ነው። ለወንድሙ ለቴዎ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ፀሐይ ከመውጣቷ ብዙ ቀደም ብሎ በመስኮቱ ወደ ውጭ እንዳየና የንጋት ኮከብ ብቻዋን ትልቅ ሆና እንደታየችው ይናገራል። መንደሩ ከዚያ መስኮት አይታይም ነበር፤ ከራሱ ጨመረው። መስኮቱ ላይ የነበረውን የብረት ዘንግ ደግሞ ተወው፤ ሥዕሉ ላይ ብረት የለም። ይህን ባወቅኩበት ሌሊት ዓይኔ ከካርዱ ወጥቶ ራስጌዬ ላይ የተደረደሩት የመድኃኒት ብልቃጦች ላይ አረፈ። ሌሊት የሚወሰደውን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ሁሉ መሳቢያ ውስጥ አስገባሁት። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ስድስት ብልቃጥ እያየ ማን ይረሳል?

ስድስተኛ፦ ለጆሮ

እጅም ዓይንም እምቢ ሲል ጆሮ አለ። በድምፅ የተተረከ መጽሐፍ ስትመርጡ ከታሪኩ ይልቅ ተራኪውን ምረጡ። ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ የሚተውን ተራኪ ለመኪና ጉዞ ነው፤ ለሌሊት አንድ ወጥ የሆነ፣ የማይቸኩል ድምፅ። በጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ በጎን ለሚተኛ ሰው ጆሮ ይወጋል፤ ትንሽ ስፒከር ትራስ አጠገብ አድርጎ ቃሉ ለጥቂት እስኪሰማ ድረስ መቀነስ ይሻላል። ሠላሳ ደቂቃ ላይ ራሱን እንዲያጠፋ ታይመር ሙሉለት።

ስለ ሙዚቃ አንድ የቆየ ወሬ አለ። የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የባኽን የሕይወት ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1802 ያሳተመው ፎርከል እንደሚለው፣ ካይዘርሊንግ የሚባል ታማሚ መስፍን እንቅልፍ እያጣ ይቸገር ነበርና ጎልድበርግ የተባለው ወጣት ሙዚቀኛው በአጠገቡ ክፍል እያደረ የሚጫወትለት ነገር እንዲደርስለት ባኽን ጠየቀው። እ.ኤ.አ. በ1741 የታተመው፣ አንድ መነሻ 30 ጊዜ እየተለዋወጠ የሚመጣበት «የጎልድበርግ ልዋጮች» የተባለው የባኽ ሥራ ከዚያ መጣ ይባላል። የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል፤ ጎልድበርግ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፣ በኅትመቱ ላይም ለመስፍኑ የተጻፈ መታሰቢያ የለም። ወሬው እውነት ሆነም አልሆነ አንድ ነገሩን እወድለታለሁ፤ መስፍኑ የጠየቀው የሚያስተኛውን አልነበረም። ለስላሳ ሆኖ ደስ ደስ የሚል፣ ባልተኛባቸው ሌሊቶች የሚያበረታውን ነበር የፈለገው። የምታዳምጡትንም በዚህ መዝኑት። «የእንቅልፍ ሙዚቃ» እየተባለ የሚለቀቀው እምምም የሚል ድምፅ ለብዙ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለእኔ የማቀዝቀዣ ሞተር ነው።

ሰባተኛ፦ እጅ ሥራ ይያዝ

መሣል ባትችሉም ሣሉ። ጃፓናዊው ገጣሚ ማሳኦካ ሺኪ በአከርካሪ ቲቢ ዓመታት አልጋ ላይ ውሏል። በሞተበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1902፣ ከዚያው አልጋ ላይ ሆኖ ለጋዜጣ ይጽፍ ነበር፤ በዚያው በጋ ፊቱ የተቀመጠለትን ፍሬና አበባ በውሃ ቀለም ይሥል ነበር። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እንደ ቀድሞው ቆሞ መሥራት ሲያቅተው ቀለም የተቀባ ወረቀት በመቀስ መቁረጥ ያዘ፤ ከአልጋው ላይም በረጅም ዘንግ ጫፍ ከሰል አስሮ ግድግዳ ላይ ሥሏል። እነሱ ባለሙያ ናቸው፣ እሺ። ከነሱ የምንወስደው ግን ሙያውን ሳይሆን ርቀቱን ነው፤ አልጋ ላይ ሆነው ከሚደርሱበት አልፈው አልሄዱም።

ብርጭቆውን ሣሉ። አፉ ክብ አይደለም፤ ከጎን ሲታይ ሞላላ ነው፤ ውሃው ውስጥ የመብራቱ ቢጫ ይታጠፋል። ይህን ለመያዝ ስትሞክሩ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ነገ ሌሊት ያንኑ ብርጭቆ። መሣል ጨርሶ የማይሆንላችሁ ከሆነ ደብተሩ ላይ በሌሊት አንድ መስመር ጻፉ፤ ስለ ሕመሙ ሳይሆን ስለታየ ወይም ስለተሰማ ነገር። የእኔ ደብተር ውስጥ «ቧንቧው በየአሥራ አንድ ቁጥሩ ይንጠባጠባል» የሚል አለ። ማታ ማታ ለማረጋገጥ እቆጥር ነበር፤ አንዴ አሥራ ሁለት ሆነና ተገረምኩ።

ለአስታማሚ

ለታመመ ሰው የምታነቡ ከሆነ ከራስጌ በኩል ሳይሆን ከጎን ተቀመጡ፤ ከላይ የሚመጣ ድምፅ ይከብዳል። ድራማ አትሥሩ። «ገባሽ?» አትበሉ። ከሁሉ በላይ «ተኛሽ?» አትበሉ፤ የተኛውን የሚቀሰቅስ ጥያቄ ከዚህ ሌላ የለም። ትንፋሹ ሲረዝም ድንገት አታቁሙ። ድምፃችሁን እያወረዳችሁ ግማሽ ገጽ ያህል ቀጥሉ፤ ድንገተኛ ዝምታም እንደ ጩኸት ያነቃል። መጽሐፉን የሚመርጠው ሕመምተኛው ነው፤ እናንተ የሚያስፈልገው የመሰላችሁን ሳይሆን የጠየቀውን አንብቡ፣ የስፖርት ጋዜጣም ቢሆን።

እህቴ በሁለተኛው ሳምንት ታነብልኝ ጀመር። ከሦስት ገጽ በላይ ሄዳ አታውቅም። ቃላቷ መጎተት ይጀምራሉ፣ አንዱን ዓረፍተ ነገር ካልተጻፈ ዓረፍተ ነገር ጋር ትቀጥለዋለች፣ ከዚያ አገጯ ደረቷ ላይ ያርፋል። መጽሐፉን ከእጇ ቀስ ብዬ አውጥቼ የቀረውን ለራሴ አነባለሁ። እሷ ቀን ሙሉ ስትሮጥ የዋለች ናት፤ እኔ ደግሞ የሚተኛ ሰው አጠገቤ ሲተነፍስ እየሰማሁ ማንበብ ከሁሉም የተሻለ ሆኖ አገኘሁት።

የማይሠራበት ሌሊት

ከዚህ ሁሉ አንዱም የማይሠራበት ሌሊት ይመጣል። ብርሃን ራሱ የሚያም ሌሊት አለ፤ ማይግሬን ያለበት ያውቀዋል። ለዚያ ሌሊት የሚሆነው በቀን በቃል የተያዘ ግጥም ነው። አጭር ይሁን፣ ስምንት ስንኝ፣ ቢበዛ አሥራ ሁለት። በቀን ሁለት ሁለት ስንኝ ብትይዙ በሳምንት ይገባል። መብራት አይፈልግም፣ ክንድ አያደክም፣ ባትሪ አይጨርስም። አምስተኛው ስንኝ ላይ ስትሳሳቱ ከላይ ጀምሩ፤ እንዲያውም መሳሳቱ ይረዳል፣ ሥራ ይሰጣል። እሱም ካልሆነ መጽሐፉን ዘግታችሁ እጃችሁን ሽፋኑ ላይ አድርጋችሁ ንጋትን ጠብቁ። እንደከሸፈ ሌሊት አትቁጠሩት።

ሣጥኑን በሳምንት አንዴ በቀን ለውጡት፤ ሥዕሎቹን በሦስት ሌሊት አንዴ። የተሻላችሁ ሰሞን ወዲያው አትበትኑት፤ ሕመም አንድ ሁለቴ ሳይመለስ አይሄድም። ያ ጎኔ ላይ የወደቀው ወፍራም መጽሐፍ አልጋው ሥር ገብቶ ነበርና ያገኘሁት ከዳንኩ በኋላ ቤት ስንጠርግ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። መጥፎ መጽሐፍ አልነበረም።